የዝገት ደቦ

እኔ ስለ መኪና የማውቀው የስፌት መኪናዬን ያህል ነው። ስታቃስት ዘይት አጠጣታለሁ፤ ክር ስትበጥስ እሰድባታለሁ፤ ከዚያ ይቅርታ እጠይቃታለሁና ሁለታችንም ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ወረታ ገበያ ዳር ባለችው አንድ በር ሱቄ ውስጥ ከዚህ የበለጠ እውቀት የሚጠይቅ ነገር ገጥሞን አያውቅም። ታዲያ ባለፈው ጥር "የዛገች መኪና እናድስ" ስባል ለምን "እሽ" እንዳልሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። የጠየቀችኝ ይታይሽ ስለሆነች ነው።

ይታይሽ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ገበያ ውስጥ ሩዝ ትሸጣለች። እሷ መጀመሪያ ታደርግና በኋላ ታስባለች፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ አስባለሁ፣ አስቤ አስቤ ሲደክመኝ እሷ ያደረገችውን አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ከብት ገበያ ገብታ "ዓይኗ አሳዘነኝ" ብላ ጊደር ገዛች። ወደ ቤት ስንመለስ ገመዱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ጊደሯ ያሳዘነችው እሷን፣ የጎተተችው እኔን፣ ያቋረጥነው የሰው ሩዝ ማሳ። በጓደኝነታችን ውስጥ ያለኝ ድርሻ ይኸው ነው፤ ገመድ መያዝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የይታይሽ እናት እመይቴ ጥዑም ይባላሉ። ባለቤታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። እመይቴ ባለፈው ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጭቃ አዳለጣቸውና በዳሌያቸው ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን ዳሌና ጉልበታቸው ደርቆ አልታጠፍ አለ። መቆም ይችላሉ። መተኛት ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር፣ መቀመጥ የሚባለው፣ ጠፋባቸው።

መቀመጥ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው። ሰው ለመብላት ይቀመጣል፤ ለለቅሶ ይቀመጣል፤ ለማማትም ይቀመጣል። እመይቴ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ይበሉ ጀመር። ለቅሶ ቤት ቆመው ሲያጽናኑ ለመሄድ የቸኮሉ እየመሰለ ሰው ተቀየማቸው። ሐሜቱም ቆመው ሲሆን አጭር ሆነባቸው። ለእኔ የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። እናትና ልጅ ከገበያ መልስ በራቸው ላይ ባለው መደብ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነበር የሚያመሹት። እናትዮዋ መቀመጥ ሲያቅታቸው ይታይሽም መቀመጥ ተወች። ቀኑን ሙሉ ሩዝ ስትሰፍር ውላ መጥታ ከእናቷ ጎን ትቆማለች። "ደክሞኝ አያውቅም" ትላለች ደግሞ።

መድኃኒቱን እመይቴ ራሳቸው ያውቁታል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ነው። በወጣትነታቸው እናታቸውን እዚያ አስታመው በእግራቸው እያስኬዱ መልሰዋቸዋል። "ሰባት ቀን ብነከርበት ይላቀቅልኛል" ይላሉ። ሐኪሙም "ሙቅ ውሃ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ካልታሸና ካልታጠፈ ግን እንደደረቀ ይቀራል" ብሏል። ችግሩ መንገዱ ነው። ባጃጅም ሚኒባስም የሚጭነው የተቀመጠ ሰው ነው። ወንድሞቻቸው ቃሬዛ ቢያዘጋጁ "በቃሬዛ ከቤቴ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም አላየውም" አሉ። ይታይሽ በጭነት መኪና ፍራሽ ላንጥፍልሽ ብትላቸው "ሽንኩርት መሰልሁሽ?" አሏት።

መኪናዋ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በእመይቴ ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አስራ ሰባት ዓመት የቆመች ሚኒባስ የምትመስል መኪና አለች። ሚኒባስ ግን አይደለችም። ውስጧ አልጋ አላት፤ ሁለት ድስት የሚጣድበት ምድጃ አላት፤ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ፣ ቁም ሳጥን፣ መጋረጃ። ባጭሩ ጎማ ያለው ቤት ናት። ያመጣት ወፍ የሚቆጥር ፈረንጅ ነበር። ክረምት አልፎ ውሃው ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ እዚያ የሚሰፍሩትን እግረ ረጃጅም ወፎች ሊቆጥር ነው የመጣው። ሰው ወፍ ሊቆጥር ባሕር ይሻገራል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን ይታይሽና እኔ ያኔ ልጃገረዶች ሆነን ከኋላው እየተከተልን አብረን ቆጥረናል። ሁልጊዜ ከእሱ እንበልጥ ነበር።

የሰውየው መኪና ወረታ ስትደርስ አልሄድም አለች። መሪጌታ ግቢያቸው አስገቧት፤ ሰውየውም ሦስት ሳምንት እሳቸው ቤት ሽሮ በላ። በመጨረሻ የመኪና ዕቃ ላመጣ ብሎ ሲሄድ ቁልፉን በሁለት እጁ ለመሪጌታ ሰጠና አንዲት ቃል ተናገረ። "አደራ" አለ። ከየት እንደተማራት እንጃ። ያችን ቃል ባይማር ኖሮ መኪናዋ ይኸኔ የዶሮ ቤት ሆና ነበር።

ሰውየው አልተመለሰም። መሪጌታ ሲያርፉ ቁልፉ ወደ እመይቴ አንገት ተሻገረ፤ ከማተባቸው ላይ ከመስቀላቸው ጋር ታስሮ ይኖራል። በየዓመቱ ለፋሲካ መስኮቶቿን ያጥባሉ፤ በሥሯ ይጠርጋሉ። በሯን ግን ከፍተው አያውቁም። "የሰው ቤት ነው" ይላሉ። ዝናቡ ግን የሰው ቤት መሆኑን የነገረው የለም፤ በየክረምቱ ይገባባታል። ነጭ የነበረችው መኪና መጀመሪያ የበሶ፣ ቀጥሎ የበርበሬ መልክ ያዘች።

"አልጋ አላት" አለችኝ ይታይሽ፣ አንድ ቀን አጥሩን ተደግፈን ስንቆም።

"ማን?"

"መኪናዋ። እማየ ተኝታ ትሄድባታለች።"

"አትንቀሳቀስምኮ።"

"እናስነሳታለን።"

"ማን ነው የሚያስነሳት?"

"አንችና እኔ።"

እንደምታዩት ገመዱ እጄ ገባ።

ዋናው ፈተና ግን ዝገቱ አልነበረም፤ እመይቴ ነበሩ። "የሰው አደራ ላይ ተጋድሜ ልሂድ?" ብለው ቁልፉን በነጠላቸው ሸፈኑት፤ ሁለታችንንም ለሦስት ቀን ኮነኑን። በአራተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው ቄስ ዳኛው መጡ።

"አባቴ፣ እነዚህ ልጆች አደራ ሊያስበሉኝ ነው" ብለው ከሰሱን።

ቄስ ዳኛው መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። የፎገራ ሰው ናቸው፤ ቅዳሴው ሲያልቅ የሚጠብቋቸው ላሞች አሏቸው።

"እመይቴ፣ ሰውየው የምትታለብ ላም አደራ ቢሰጥዎ ምን ያደርጉ ነበር?"

"አበላታለሁ፤ አጠጣታለሁ።"

"አያልቧትም?"

"ሳላልባትማ እንዴት ይሆናል አባቴ? ጡቷ ያብጣል፤ ትታመማለች።"

"ወተቱስ?"

"የጠባቂው ነዋ። ጥንትም እንዲሁ ነው።"

ቄስ ዳኛው በመቋሚያቸው የመኪናዋን ጎማ ነካ አደረጉት። "ይችም የታመመችው ሳትታለብ ቀርታ ነው" አሉ።

እመይቴ ጎማውን አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደው ቁልፉን ከማተባቸው ፈቱት። ቋጠሮው እምቢ ሲላቸው ልርዳዎት ልል ነበር፤ አላልሁም። ቁልፉን ለይታይሽ ሲሰጡ "ከተቀበልናት የተሻለች ሆና ትገኝ" አሉ።

ሥራው ተጀመረ። እኔ የስፌት ዘይቴን ይዤ የሞተሯን ክዳን ከፈትሁ። ብዙ ክዳን፣ ብዙ ቱቦ፣ ብዙ ቀዳዳ አየሁ። ከሁሉም ደህና ክዳን ያለውን ቀዳዳ መርጬ ዘይቴን አፈሰስሁበት፤ እንደ እናት ነው ያጠጣኋት። በማግስቱ የሩዝ መፈልፈያና የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው ስንታየሁ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ።

"የውሃው መያዣ ውስጥ የስፌት ዘይት ያፈሰሰ ማነው?"

ይታይሽ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔም ወደ ይታይሽ።

"ሱሪ ልትሰፋላችሁ ነው?" አለን።

ስንታየሁ ለአንድ ሳምንት እየተመላለሰ ፈታታት፤ ከፓምፕ የተረፈ ቺንጋ የሚሉትን የጎማ ቀበቶ አሰረላት፤ ባትሪ ተውሶ አመጣ። አንድ ቀን ሞተሯ እንደ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሳለችና ጭስ ተፍታ ተነሳች። ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጎረቤት ገቡ። እመይቴ ግድግዳውን ተደግፈው "ሕይወት አላት ለካ" ሲሉ ሰማኋቸው።

"ሞተሯስ ደህና ናት፤ ችግሯ ገላዋ ነው" አለ ስንታየሁ። "እኔ አንበሳሜ ከተማ የተሰበረ መፈልፈያ አለብኝ፤ ሦስት ቀን እቆያለሁ። እስከዚያ ዝገቱን ፋቁልኝና ቀለም እንቀባታለን። ቀስ ብላችሁ ግን።"

"ቀስ ብላችሁ" ማለቱን ሁለታችንም ሰምተናል። አንድ ቀን ሙሉ ቀስ ብለን ፋቅን። ማታ ላይ ብናይ የጸዳው አንዲት ሰፌድ ያህል ነው። በዚህ አያያዝ የምንጨርሰው ክረምት ገብቶ የወንዛዬ መንገድ ጭቃ ሲሆን ነው፤ እስከዚያ ደግሞ የእመይቴ ዳሌ እንደደረቀ ይቀራል። ይታይሽ ሞረዱን ጣለችው።

"ደቦ እንጥራ" አለች።

አሰብሁ። አስቤ አስቤ ሲደክመኝ ጠላ ጠመቅሁ።

ከሐይቁ ወገን ካለው የእመይቴ መንደር ዘመድ ሁሉ ተጠራ። በዓል ያልሆነ ቀን ፈልጎ ማግኘት ራሱ አንድ ደቦ ይፈልግ ነበር፤ ተገኘ። አስራ ስምንት ሰው መጣ። ሩዝ ተሰብስቦ ስላለቀ የሁሉም እጅ ሥራ አምሮታል። ማጭድ የያዘ አለ፣ መጥረቢያ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የያዘ አለ። መሪያቸው የእመይቴ ታናሽ ወንድም አያ ደሴ ናቸው። አያ ደሴ መኪናዋን ልክ አረም እንደበዛበት ማሳ ቆመው ተመለከቷትና ሰዉን በሁለት ረድፍ ከፈሉት፤ አንዱ በግራዋ፣ አንዱ በቀኟ። ራሳቸው ሦስት ሰው ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

"ልብ አድርጉ" አሉ ከመግባታቸው በፊት። "ሥሩን ካልነቀላችሁት ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይበቅላል።"

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ይህን የተጠራጠረ አልነበረም። እኔም አልተጠራጠርሁም። ዘፈኑ ወጣ፤ እስክስታው ትከሻ ላይ ሆነ፤ ማጭዱ ብረት ላይ ሲፋቅ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ አለው፤ እኛ ግን እሱንም የዘፈኑ አጃቢ አደረግነው። እርሻ ላይ አረም ያስቀረ ረድፍ ሲሰደብ ይውላል፤ መኪና ላይም ያው ሆነ።

"የናንተ በኩል ገና ቀይ ነው፤ ተኝታችኋል እንዴ?" ይላል የግራው።

"እኛ ብረቱን አይተነዋል" ይላል የቀኙ።

"እኛስ ብረቱንም አልፈነዋል" አለ የግራው።

እኔም አጨበጨብሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

መጀመሪያ ያየሁት ከግድግዳዋ ብቅ ያለ የማጭድ ጫፍ ነው። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ፀሐይዋ በአንድ ጎኗ ገብታ በሌላው ጎኗ ስትወጣ አየሁ። ዘፈኑ ከኋላ ጀምሮ እየቀነሰ መጥቶ የመጨረሻዋ አጨብጫቢ እኔ ብቻ ሆንሁ። ስናፈገፍግ መኪናዋ ወንፊት ሆና ቆማለች። ለካ አስራ ሰባት ዓመት አቅፎ ያቆማት ዝገቱ ነበር።

አያ ደሴ ከውስጥ ሆነው በአንዱ ቀዳዳ አዩን። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። "አብዝተነዋል መሰለኝ" አሉ።

ይታይሽ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ካሳለፍነው ክረምት ጀምሮ ስትቀመጥ ያየኋት የዚያን ቀን ነው። "አደራ በላሁ" ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። "እማየን የማስኬድባትን መኪናም በላሁ፤ አደራውንም በላሁ።" ሰዉ ሁሉ ማጭዱን ከጀርባው ደበቀ።

እመይቴ በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ መጡ። አንዱን ቀዳዳ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው በቀዳዳው ሰደዱት፤ እስከ ክርናቸው ገባ። ውስጥ የነበሩት አያ ደሴ እጅ ሲዘረጋላቸው ምን ያድርጉ፤ ጨበጡት። ከዚያም ሳሙት።

"አንተ ነህ ደሴ?" አሉ እመይቴ።

"እኔ ነኝ እታለም። ይቅር በይኝ።"

እመይቴ እጃቸውን መልሰው መዳፋቸው ላይ የቀረውን ቀይ ብናኝ ብዙ አዩት። ሁላችንም እርግማን ጠበቅን። "ስጠብቅ የኖርሁት ዝገት ኖሯል" አሉ። ከንፈራቸው ሊስቅ ነው ሊያለቅስ አልለይ አለኝ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው እንደ ባለቤት ሆነ። "በሉ፣ መሬት ላይ ያለውን ጥረጉና በጆንያ ክተቱልኝ። አንድ ጭብጥ እንዳይቀር። ሰውየው ሲመጣ ሙሉ ዕቃውን ይረከበኝ።"

አስራ ስምንት ሰው ተንበርክኮ ዝገት ለቀመ። ሳቅ የጀመረው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ይታይሽ እንኳ እንባዋ ሳይደርቅ ስቃለች። ጆንያው ሞላ። አፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በዕድሜዬ ከሰፋሁት ሁሉ ቀጥ ያለ ስፌት እሱ ነው። ጆንያው ዛሬም ከእመይቴ ጎታ ጎን ቆሟል።

ስንታየሁ ከአንበሳሜ ሲመለስ መኪናዋን ገና ከበሩ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ማነው የፋቃት?"

"ደቦ" አልነው።

"ደቦ" ብሎ ደገመና ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። የሚቆጣው አንድ ሰው ሲያጣ ሰው እንዲህ ይሆናል። ከዚያ "ቆርቆሮ አምጡ፤ መበየጃውን እኔ አመጣለሁ" አለ።

ቆርቆሮ ከየት ይመጣል ስንል በማግስቱ ጠዋት አያ ደሴ ከጎተራቸው በር የነቀሉትን ዝርግ ቆርቆሮ በትከሻቸው አዝለው መጡ። "የኔ ቀዳዳ ከመስኮቱ ሥር ያለችው ናት" አሉ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ዘመዳቸው የዘይት ቆርቆሮ ቆርጣ አመጣች፤ የእሷ ቀዳዳ ከኋላ ጎማው በላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ውስጥ አስራ ስምንቱም እየመጡ ቀዳዳቸውን ደፈኑ። የቤት ክዳን ያመጣ አለ፤ የበርሜል ክዳን ያመጣ አለ። ሁለት ሰዎች አንዲቱን ቀዳዳ "የኔ ናት" "የለም የኔ ናት" ተባብለው ሊጣሉ ሲሉ ስንታየሁ ለሁለት ከፍሎ በየዳቸው። አንዱ ከወደቀ የሱቅ ማስታወቂያ ቆርጦ ያመጣው ቆርቆሮ በኋለኛው በሯ ላይ ዋለ፤ "እንኳን ደህ" ይላል፤ የቀረውን መበየጃው በላው።

ቀለም ልንቀባት ስንል እመይቴ ከለከሉ። "ማን ምን እንደሰጠ ሰውየው ይየው" አሉ። እኔም የድርሻዬን ሠራሁ፤ በሩዝ ጭድ የተሞላ ፍራሽና አበባ ያለበት መጋረጃ። ፍራሹን ስሰፋ እመይቴን እንደቆሙ ለካኋቸው፤ ለቀሚስ የምለካቸው መስሏቸው "ወገቡን ሰፋ አድርጊው" አሉኝ።

መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ቀን በጠዋት ተነሳን። ከብት ወደ መኪና የሚወጣበት ሳንቃ ከኋላ በሯ ተደገፈ። ይታይሽ ልትደግፋቸው ብትል እጇን መቱ፤ ምርኩዛቸውን እያስቀደሙ ቆመው ወጡ፤ ውስጥ ገብተው በጀርባቸው ተኙ። ጎረቤቱ ሁሉ ኢየሩሳሌም የሚሸኝ ይመስል ተሰልፏል። ይታይሽ ከእናቷ ጋር ከኋላ፣ እኔ ከስንታየሁ ጋር ከፊት ሆንን።

ስንታየሁ ሽቦ ሲያገናኝ ትንሽ ተሳስቷል። ፍሬን ሲይዝ ክላክሱ ይጮሃል። የወረታን መገናኛ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙበት ላይ ባጃጁ፣ ጭነት መኪናው፣ አህያው ሁሉ አንድ ላይ ነው፤ ፍሬን ሳይያዝ አይታለፍም። እየጮህን ገባን። ባጃጆቹ ሠርግ መሰላቸውና ከኋላችን ተሰልፈው እየጮሁ አጀቡን። እልልታም ሰማሁ። እመይቴ "ማን ነው የሚያገባው?" ሲሉ ይታይሽ "አንች ነሽ እማየ" አለቻቸው። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ተኝተው እጅ ነሱ።

ትራፊኩ አስቆመን። በቆርቆሮ የተጣፈችውን መኪና ከፊት እስከ ኋላ ዞራት፤ "እንኳን ደህ" የሚለው ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ አነበበው።

"የማን ናት?"

ስንታየሁ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ኋላ። ከመጋረጃው ጀርባ የእመይቴ ድምፅ መጣ።

"የሰው ናት ልጄ።"

"ባለቤቱ የት ሄደ?"

"ወፍ ሊቆጥር።"

"መቼ ይመለሳል?"

"ቆጥሮ ሲጨርስ።"

ትራፊኩ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ አያቸው። የተኙበትን፣ የደረቀውን እግራቸውን፣ ጎናቸው ያለችውን ልጃቸውን አየ። "ወዴት ነው እማማ?" ሲል ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"ወንዛዬ። መቀመጥ ተስኖኝ።"

ትንሽ አሰበና ወደ ስንታየሁ ዞረ። "ቀስ ብለህ ንዳ። ስትመለሱ ግን በዚህ በኩል ሳያት ወረቀቷን እፈልጋለሁ።" ከዚያ ባጃጆቹን በፊሽካ ገለል አደረገልን።

አስፋልቱ ላይ እመይቴ የሚታያቸው ሰማይ ብቻ ስለሆነ የሜዳውን ወሬ የምነግራቸው እኔ ነበርሁ። "አሁን ሽንኩርት የተተከለበት ማሳ ደርሰናል፤ አሁን ከብቶች ውሃ ሊጠጡ እየወረዱ ነው፤ አሁን ጉማራን ተሻግረናል።" "አልተሻገርንም" ይላሉ ከኋላ፤ "ድልድዩን ጀርባዬ ያውቀዋል።" እውነታቸውን ነው፤ አልተሻገርንም ነበር። ጠጠሩን መንገድ ስንይዝ በያንዳንዱ ጉድባ አስራ ስምንቱም ቆርቆሮ በየራሱ ድምፅ ይንኳኳል። "ይኸ ደሴ ነው" ይላሉ እመይቴ። "ይችኛዋ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሁልጊዜም ጯሂ ነበረች።" አቧራው በየስፌቱ ገብቶ ወንዛዬ ስንደርስ አራታችንም አዲስ የተፈጨ ጤፍ መስለናል፤ ግን ደረስን።

ሰባት ቀን። ቤት መከራየት አላስፈለገንም፤ ከፍል ውሃው በላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆመን በራችንን ከፍተን ኖርን። ይታይሽ ጠዋትና ማታ እናቷን ደግፋ ታስገባለች፤ ውሃው ውስጥ ሆና ዳሌያቸውን ታሻለች፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ትንሽ ታጥፋለች። የመጀመሪያው ቀን ምንም። ሁለተኛው ቀን ምንም፤ እመይቴም ከይታይሽ ጋር ተኳርፈው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን "የተዘጋ በር ሲገፋ እንደሚለው አለኝ" አሉ። በአምስተኛው ቀን ጉልበታቸው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመና ከሕመሙ የተነሳ አለቀሱ። "ይበቃኛል፤ መቆም እንደሁ ለምጀዋለሁ" አሉ። ይታይሽ ግን ማሻሸቷን ቀጠለች። ያን ቀን እኔም አብሬ ገብቼ ሌላውን እግራቸውን ይዤ ነበር፤ ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ስትነክስ ስላየሁ የምናገረው ቀልድ ሁሉ ጠፋኝ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ የእመይቴ አልጋ ባዶ ነው። ደንግጬ ወጣሁ። መኪናዋ በጎኗ በር ሥር አንዲት ጠባብ የብረት ደረጃ አለቻት። እመይቴ እዚያች ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እግራቸው ትንሽ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ሁለቱን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፍል ውሃው የሚወጣውን እንፋሎት ያያሉ። እኔን ሲያዩ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ዝም በይ ለማለት ነው።

ይታይሽ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ጀሪካኗን ይዛ በዛፉ በኩል ብቅ አለች። አየቻቸው። ጀሪካኗን በጣም ቀስ ብላ፣ ድምፅ ቢሰማ የሚሰበር ነገር ያለ ይመስል፣ መሬት አስቀመጠቻት። መጥታ ከእናቷ ጎን በቀረችው ጠባብ ቦታ ተቀመጠችና ትከሻዋን አስጠጋች።

"ምነው ዘገየሽ?" አሏት እመይቴ። "ውሃው ራቀ እንዴ?"

"ወረፋ ነበር እማየ" አለች።

እኔ ወደ መኪናዋ ጀርባ ዞሬ የተጣፉትን ቆርቆሮዎች ቆጠርሁ። አስራ ስምንት መሆን ነበረባቸው፤ ዓይኔ ስለረጠበ ሃያ ሦስት አገኘሁ።

እመይቴ ሙሉ በሙሉ ድነዋል ብዬ አልዋሻችሁም። ምርኩዛቸውን አልጣሉም፤ ቀኙ እግራቸውም እስከ ዛሬ ሲቀመጡ ወደ ፊት ይዘረጋል። ግን ለመልሱ ስንሰናዳ የፊት ወንበሩን የያዙት እሳቸው ናቸው። "ስንመጣ ሰማይ ብቻ ነው ያየሁት፤ አሁን ሜዳውን ልየው" ብለው ከስንታየሁ ጎን ተሰየሙ። ባትሪው ግን ደክሞ ነበርና መኪናዋ ካልተገፋች አልነሳም አለች። ይታይሽና እኔ ከኋላ ሆነን ገፋን። እሷ "አንድ፣ ሁለት" ብላ ሦስት ሳትል ገፋች፤ እኔ ሦስትን ስጠብቅ ዘግይቼ በኃይል ስገፋ መኪናዋ ተነስታ ሄደች፤ ወገቤ ግን ቀጭ ብሎ እዚያው ቀረ።

መቀመጥ አቃተኝ። መቆምም አቃተኝ። ይታይሽ በብብቴ ይዛ ጎትታ ራሴ በሰፋሁት ፍራሽ ላይ አጋደመችኝ፤ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ። ስለዚህ የፎገራን ሜዳ ስንመለስ ያየሁት ሰማዩን ብቻ ነው። ጭዱ ይወጋል፤ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ከፊት የእመይቴ ድምፅ ይሰማል፤ ስንታየሁን መንዳት ያስተምሩታል።

ትንሽ እንደሄድን በወንበራቸው ላይ ዞር ብለው አዩኝ።

"አንች ልጅ፣ እግርሽን ዘርግተሽ ነው እንዴ የተኛሽው? ጉልበትሽን እጠፊው፤ ይሻልሻል።"

አጠፍሁት።